ፈርምዌር ከቀየርኩ በኋላ ዋይፋዩ ጠፋ፤ ራውተሩ ሞቶ ነው?

ሽቦ_አልባ
ሰላም ለሁላችሁ። የቤቴን ራውተር ከፋብሪካው ፈርምዌር (ራውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ወደ ኦፕን ደብሊው አር ቲ (OpenWrt፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ነጻ ፈርምዌር) ቀየርኩት። ጭነቱ ያለ ምንም ኮሽታ አለቀ፣ ራሱን ሪስታርት አደረገ። ከዚያ በኋላ ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ስልኬ የጎረቤቱን ሁሉ ያሳየኛል፣ የኔን ግን አያይም።

ላፕቶፑን በኬብል ሳገናኘው ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ግራ ያጋባል። 192.168.1.1 ብዬ ስገባ አንዳንዴ የሞደሙ ገጽ ይመጣል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ኢንተርኔት የለም። የፓወር መብራቱ ቀጥ ብሎ በርቷል። ራውተሩ በዋን ፖርቱ (ኢንተርኔት በሚገባበት) ከሞደሙ ጋር ተያይዟል። ላፕቶፑ ደግሞ ከኬብሉ ሌላ የሞደሙን ዋይፋይ ይዟል። ገደልኩት ወይስ ተስፋ አለው?

ፒንግ64
ሞዴሉና የሃርድዌር ቨርዥኑ ስንት ነው? ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። አንድ ዓይነት ስም ይዘው ውስጣቸው ፍጹም የተለያየ ቺፕ ያላቸው ራውተሮች ሞልተዋል። ቨርዥን 1 እና ቨርዥን 2 ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ አይተዋወቁም።

ሽቦ_አልባ
ቨርዥን 2 ይላል። ያወረድኩትም የቨርዥን 2ን ነው። ፋክተሪ የሚለውን ፋይል ነው የጫንኩት፣ ሲስአፕግሬድ የሚለውን አይደለም።

ጋሽ_ሰርኪት
እንግዲያው አልሞተም። አይዞህ። በአብዛኞቹ ራውተሮች ላይ የፓወር መብራቱ መብለጭለጩን ትቶ ቀጥ ብሎ ከበራ ሲስተሙ ተነስቷል ማለት ነው። የፋይል ምርጫህም ልክ ነው። ከፋብሪካው ፈርምዌር ስትነሳ ፋክተሪ፣ ከኦፕን ደብሊው አር ቲ ወደ ኦፕን ደብሊው አር ቲ ስትሄድ ሲስአፕግሬድ።

የገጠመህ ሁለት የማይገናኝ ነገር ነው። አንድ ላይ መጥተው ነው ያስደነገጡህ።

የዋይፋዩ ነገር ብልሽት አይደለም። ይህ ፈርምዌር አዲስ ሲጫን ዋይፋዩን አጥፍቶ ነው የሚነሳው። ፓስወርድ የሌለው ዋይፋይ ለመንገደኛ ሁሉ ከፍቶ እንዳይጠብቅህ ነው። ገብተህ ስምና ፓስወርድ ሰጥተህ ራስህ ታበራዋለህ። በየሳምንቱ አንድ ሰው በዚህ ተደናግጦ ይመጣል።

ሁለተኛው የአድራሻ ግጭት ነው። ሞደምህ 192.168.1.1 ነው። አዲሱ ፈርምዌርም ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ ያው 192.168.1.1 ነው። ራውተሩ በዋን በኩል ከሞደሙ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ይቀበላል፣ በላን (በቤት ውስጥ ኔትወርክ) በኩልም የያዘው እሱኑ ነው። ከላፕቶፕህ የመጣውን ፓኬት (ቁራጭ ዳታ) ወደ ሞደሙ ይላክ ወይስ እዚሁ ያስቀረው? አያውቅም። በዚያ ላይ ላፕቶፕህ በሁለት በኩል ተያይዟል። አንዳንዴ የሞደሙ ገጽ የመጣልህ ለዚህ ነው።

እንዲህ አድርግ። የሞደሙን ኬብል ከዋን ፖርቱ ንቀለው። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፋ። ኬብሉን ከላን ፖርቶቹ በአንዱ ሰክተህ 192.168.1.1 ግባ። የተጠቃሚ ስሙ ሩት ነው፣ ፓስወርዱ ባዶ ነው። መጀመሪያ ፓስወርድ አውጣ። ቀጥሎ የላን ኢንተርፌሱን አድራሻ ወደ 192.168.10.1 ቀይረው። ሞደሙን መልሰህ የምትሰካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽቦ_አልባ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ገጹ መጣ! ግን አድራሻውን ቀይሬ አስቀምጥ ስለው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ድሮው ይመልሰዋል። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ እምቢ አለ።

ፒንግ64
እሱ እምቢታ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ሉሲ፣ ማለትም የኦፕን ደብሊው አር ቲ ገጽ፣ አዲሱን ሴቲንግ ካስገባ በኋላ 90 ሰከንድ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብራውዘርህ ተመልሶ ካላገኘው ‹ሰውዬው ራሱን ቆልፎ ወጥቷል› ብሎ ይመልሰዋል። አንተ ደግሞ የቀየርከው ራሱን አድራሻውን ነው። ላፕቶፕህ የድሮውን ይዞ ስለቀረ ሊያገኘው አይችልም።

ከማስቀመጫው በተን ጎን ያለችውን ቀስት ተጫናት። ሳይፈትሽ እንዲያስገባ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን ምረጥ። ከዚያ የላፕቶፑን ኬብል ንቀለውና መልሰህ ሰካው፣ አዲስ አድራሻ ይቀበላል። 192.168.10.1 ብለህ ግባ።

ሽቦ_አልባ
ሠራ! ዋይፋዩም በራ፣ ኢንተርኔትም መጣ። ተባረኩ።

ኖርማል_ሰው
ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትቆጡ። የፋብሪካው ፈርምዌር ይሠራ ነበር አይደል? ምን ሊያደርግላችሁ ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ?

ጋሽ_ሰርኪት
ቁጣ የለም፣ ደህና ጥያቄ ነው። የፋብሪካው እየሠራልህ ከሆነና የደኅንነት አፕዴት እየመጣለት ከሆነ አትንካው። ችግሩ አፕዴቱ ሲቆም ነው። ሃርድዌሩ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ሆኖ ሶፍትዌሩ እዚያው ተገትሮ ይቀራል።

የነገሩ ሥር ሊንክሲስ ደብሊው አር ቲ 54ጂ የሚባለው ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ነው፣ ባለ ሁለት አንቴናው። 2002 ማለቂያ ላይ ወጣ። ሰዎች ውስጡን ሲያዩ ሊኑክስ አገኙ። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ኮዱን አብረህ አውጣ ይላል። ጭቅጭቁ ሲበረታ በ2003 ኮዱ ወጣ። የኦፕን ደብሊው አር ቲ ፕሮጀክት በ2004 ሲጀመር የተነሳው ከዚያ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ደብሊው አር ቲ የዚያ ራውተር ስም ነው። በ2016 ከገንቢዎቹ ከፊሎቹ ተገንጥለው ሊዲ የሚባል ፕሮጀክት አቋቁመው ነበር። በ2018 መጀመሪያ ታርቀው በድሮው ስም ተመለሱ።

ቀይ_መብራት
ይቅርታ ክሩን ልጥለፈው። የኔ ከሁላችሁም የባሰ ነው። ፈርምዌሩ እየተጻፈ እያለ መብራት ጠፋ። አሁን ሲበራ የፓወር መብራቷ ትበራለች፣ ሌሎቹ ለአፍታ ብልጭ ይሉና ይጠፋሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ መጠየቂያ) ሳደርገው አይመልስም። የቲፒ-ሊንክ ነው። ቆሻሻ ውስጥ ልጣለው?

ፒንግ64
እንዳትጥዪው! ክፈቺውና ሲሪያል ገመድ (ከውስጡ ሰሌዳ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ) ቀጥዪበት። ቡትሎደሩ (መጀመሪያ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም) የሚናገረውን በዓይንሽ ታዪያለሽ።

ጋሽ_ሰርኪት
ቆይ እንጂ ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ። ሲሪያል የመጨረሻው መንገድ ነው። ሰው ገና በሩን ሳያንኳኳ ግድግዳ አፍርስ አይባልም።

ቀይ መብራት፣ መጀመሪያ የት ላይ እንደሚቆም እንወቅ። ራውተር ሲነሳ በቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ ቡትሎደሩ ይነሳል። እሱ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ይጭናል። ከርነሉ የፋይል ሲስተሙን ያነሳል። ኔትወርኩ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ፈርምዌር ስትጭኚ አብዛኛውን ጊዜ ቡትሎደሩ አይነካም፣ ለብቻው በተከለለ ቦታ ነው የተቀመጠው። ያንቺ ራውተር ተነስቶ መልሶ የሚወድቅ ከሆነ ቡትሎደሩ በሕይወት አለ፣ ከርነሉ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተጻፈው።

ከርነሉ ደህና ሆኖ ሴቲንጉ ቢበላሽ ኖሮ ፌይልሴፍ ሞድ ይበቃሽ ነበር። ለሌሎች አንባቢዎች ልጻፈው፦ ሲነሳ መብራቱ ፈጠን ብሎ የሚብለጨለጭባት አጭር ጊዜ አለች፣ ያኔ በተን ትጫናላችሁ። ራውተሩ የተጠቃሚውን ሴቲንግ ትቶ ባዶውን ይነሳል። በዚህ ሞድ ዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ የሚያድለው) የለም፣ ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ በእጅ 192.168.1.2፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርጋችሁ በኤስኤስኤች (ትእዛዝ እየጻፉ በሚገቡበት መንገድ) 192.168.1.1 ትገባላችሁ። ማውንት ሩት የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ የተበላሸውን ሴቲንግ ማረም፣ ካልሆነም ፈርስትቡት በሚለው ሁሉንም ማጥፋት ይቻላል።

ያንቺ ግን የቲኤፍቲፒ (ቀላል የፋይል መላኪያ ዘዴ) ጉዳይ ነው። በብዙዎቹ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች ላይ ሪሴት በተኑን ተጭነሽ ስታበሪው ቡትሎደሩ ራሱን 192.168.0.86 ያደርግና ከ192.168.0.66 ፋይል ይጠይቃል። ስለዚህ ላፕቶፕሽን 192.168.0.66 አድርጊው፣ የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ክፈቺበት፣ ፈርምዌሩን እዚያ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ። የፋይሉ ስም ቡትሎደሩ የሚፈልገው ስም መሆን አለበት፣ አንድ ፊደል ብትዛነፍ አይቀበልም። በሞዴልሽ የመመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። እሱን ሳታነቢ እንዳትጀምሪ፣ አንዳንድ ሞዴል 192.168.1.66 ነው የሚፈልገው። በብዙዎቹ የኔትጊር ራውተሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ራውተሩ ይጠብቃል፣ አንቺ ነሽ የምትልኪው።

ቀይ_መብራት
እሺ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። የሰርቨሩ ሎግ (መዝገብ) ላይ ግን ምንም አይታይም። ባዶ።

ፒንግ64
ሎጉ ላይ ጭራሽ ምንም ከሌለ የፋይሉ ስም ገና ተራው አልደረሰም ማለት ነው። ጥያቄው ራሱ ላፕቶፕሽ ጋ አልደረሰም። ሁለት ነገር እዪ።

አንደኛ ፋየርዎል። ቲኤፍቲፒ በዩዲፒ ፖርት 69 ነው የሚሄደው። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያገኝ ‹ፐብሊክ› ብሎ ይመድበውና ከውጭ የሚመጣውን ይዘጋል። ለዚህች ሥራ ብቻ አጥፊው፣ ስትጨርሺ እንዳትረሺው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ራውተሩ ሲጠፋ የላፕቶፑም ኬብል ሞተ ማለት ነው። ራውተሩ ሲበራ ላፕቶፑ ‹ኬብል መጣ› ብሎ አድራሻውን እስኪያስተካክል ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። ቡትሎደሩ ደግሞ ያን ያህል አይታገስም፣ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ያልፋል። መፍትሔው መሃል ላይ ተራ ስዊች (የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ) ማስገባት ነው። ከላፕቶፕ ወደ ስዊች፣ ከስዊች ወደ ራውተሩ ላን ፖርት። ላፕቶፑ ስዊቹን ስለሚያይ አድራሻው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ቀይ_መብራት
ስዊቹን አስገባሁ፣ ፋየርዎሉንም አጠፋሁ። አሁን ሎጉ ላይ ከ192.168.0.86 ጥያቄ መጣ! ግን ወዲያው ‹ፋይሉ የለም› ይላል። ፋይሉ ግን እዚያው ነው፣ ዓይኔ እያየው!

ጋሽ_ሰርኪት
ግማሹ መንገድ አልቋል። አሁን ሎጉ ላይ የጠየቀውን ስም ኮፒ አድርጊና ከፋይልሽ ስም ጋር አስተያዪው። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያን ይደብቃል። ስሙን ስትቀይሪ መጨረሻው ላይ ነጥብ ቢን ጨምረሽ ከሆነ፣ የተደበቀው ነጥብ ቢን ከኋላ አለና ሁለት ጊዜ ሆኗል። የፋይል ቅጥያ አሳይ የሚለውን አብሪውና እዪ።

ቀይ_መብራት
ሁለት ጊዜ ነበር!!! አስተካከልኩት፣ ተላከ፣ ሎጉ መቶ በመቶ ይላል። አሁን ምን ላድርግ?

ጋሽ_ሰርኪት
ምንም። እጅሽን ሰብስቢና ተቀመጪ። ተላከ ማለት ተጻፈ ማለት አይደለም። ፍላሹ (ቋሚ ማከማቻው) ላይ እየጻፈ ነው፣ ራሱ ሪስታርት እስኪያደርግ አትንኪው። አምስት ደቂቃም ቢሆን ጠብቂ።

ሽቦ_አልባ
እኔ ደግሞ ተመለስኩ። ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ማስታወቂያ የሚያግድና ቪፒኤን የሚሠራ ፓኬጅ (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጨመርኩ። አሁን ሴቲንግ እቀይራለሁ፣ ይሠራል፣ ራውተሩን ሳጠፋና ሳበራ ግን የቀየርኩት ሁሉ የለም።

ፒንግ64
ቦታ ሞልቶብህ ይሆናል። በኤስኤስኤች ገብተህ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች (df -h፣ የቦታ ማሳያ ትእዛዝ) በል፣ ኦቨርሌይ የሚለው መስመር ላይ ያለውን ንገረን። የፍላሹ መጠንስ?

ሽቦ_አልባ
ፍላሹ 8 ሜጋባይት ነው። ኦቨርሌዩ 100 በመቶ ይላል።

ፒንግ64
በቃ፣ ተገኘ። ፍላሹ ሁለት ክፍል አለው በለው። ዋናው ሲስተም ስኳሽ ኤፍ ኤስ በሚባል፣ በደንብ በተጨመቀና በማይጻፍበት ክፍል ውስጥ ነው። አንተ የምትቀይረው ነገር ሁሉ በላዩ በተነጠፈው ኦቨርሌይ ላይ ይጻፋል። 8 ሜጋባይት ፍላሽ ላይ ለኦቨርሌይ የምትተርፈው ቦታ በጣም ትንሽ ናት። የቪፒኤኑ ፓኬጅ ከነተከታዮቹ ጠራርጎ በልቷታል። አዲሱ ሴቲንግህ ሜሞሪ ላይ ይሠራል፣ ፍላሹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ግን አጣ።

አንተ የጨመርካቸውን ፓኬጆች አጥፋ፣ ቦታው ይመለሳል። ከፈርምዌሩ ጋር አብረው የመጡትን ግን ለማጥፋት አትድከም። እነሱ ስኳሽ ኤፍ ኤሱ ውስጥ ናቸው። ብታጠፋቸውም ‹ጠፍቷል› የሚል ምልክት ኦቨርሌይ ላይ ይጻፋል እንጂ ቦታ አይለቁም። እንዲያውም ትንሽ ይጨምርብሃል!

የምትፈልገውን ፓኬጅ ሳትተው ማለፍም ይቻላል። የኦፕን ደብሊው አር ቲ የፈርምዌር መምረጫ ገጽ ላይ ሞዴልህን ስትመርጥ የፓኬጅ ዝርዝሩን አርመህ የራስህን ምስል (የፈርምዌር ፋይል) ማሠራት ትችላለህ። ያኔ ፓኬጁ ከዋናው ሲስተም ጋር አብሮ ስለሚጨመቅ የሚይዘው ቦታ በጣም ያንሳል።

ጋሽ_ሰርኪት
ልጨምርበት። የማስታወቂያ ማገጃው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ፍላሹ ላይ ሳይሆን ራሙ ላይ ነው። ራምህ 64 ሜጋባይት ከሆነ ትልቁን ዝርዝር አትምረጥ። ራም ሲያልቅ ከርነሉ ያገኘውን ፕሮግራም መግደል ይጀምራል፣ አንተ ደግሞ ‹ዋይፋዩ ይቆራረጣል› ብለህ እዚህ ትመጣለህ።

4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ያላቸው የድሮ ራውተሮችን ይዛችሁ የምትጠይቁም አላችሁ። ለእነሱ የመጨረሻው ቨርዥን 19.07 ነበር። እሱም አፕዴቱ ከቆመ ቆይቷል። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ፊት ላይ ባታቆሟቸው እመርጣለሁ።

ኖርማል_ሰው
እያነበብኩ መጣሁና እኔም ጫንኩት፣ ሃሃ። የገጠመኝ ግን አለ። 5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ የለም፣ 2.4 ብቻ ነው የሚታየው። ፍጥነቱም በፋብሪካው ፈርምዌር ከነበረው ወርዷል።

ፒንግ64
እንኳን ደህና መጣህ 😄

የ5 ጊጋኸርዙ፦ መጀመሪያ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ያለህበትን አገር ምረጥ። ካልመረጥክ በየትም የሚፈቀዱትን ጥቂት ቻናሎችና ዝቅ ያለ ኃይል ብቻ ነው የሚጠቀመው። የመረጥከው ቻናል ከ52 እስከ 144 ባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ራዳር የሚጋራው ቻናል ነው። ራውተሩ ማስተላለፍ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ራዳር መኖር አለመኖሩን ማዳመጥ አለበት። በአንዳንድ አገር ከ120 እስከ 128 ላሉት ጥበቃው 10 ደቂቃ ነው። ሰው አሥር ሰከንድ ጠብቆ ‹አልሠራም› ይልና እንደገና ሪስታርት ያደርገዋል፣ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ! ቻናሉን 36 አድርገህ ሞክር። ወዲያው ከመጣ ራውተርህ ጤነኛ ነው።

ፍጥነቱ፦ የፋብሪካው ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ናቱን (የቤቱን አድራሻዎች ወደ ኢንተርኔት አድራሻ የመቀየሩን ሥራ) ለቺፑ ማፋጠኛ ነው የሚያሸክመው። ኦፕን ደብሊው አር ቲ በብዙ ራውተር ላይ ሁሉንም በፕሮሰሰሩ ያሠራዋል። ፋየርዎሉ ገጽ ላይ ሶፍትዌር ፍሎው ኦፍሎዲንግ የሚል አለ፣ አብራው። ኤስኪውኤም የሚባለውን የትራፊክ ማስተካከያ ግን ከእሱ ጋር አንድ ላይ አታብራቸው፣ አይስማሙም። ወይ ይሄን ወይ ያን።

ኖርማል_ሰው
36 ላይ ሳደርገው ወዲያው መጣ። ፍጥነቱም ተሻሽሏል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። የድሮው ቨርዥን 18.06 ያለበት ሌላ ራውተርም አለኝ፣ እሱን ሴቲንጉን እንደያዘ ወደ አዲሱ ላሳድገው?

ጋሽ_ሰርኪት
ሴቲንጉን አታስከትለው። ከ21.02 ጀምሮ በብዙ ራውተሮች ላይ የስዊቹ (ራውተሩ ውስጥ ፖርቶቹን የሚያገናኘው ክፍል) አሠራር ተቀይሯል፣ ዲኤስኤ ወደሚባለው ሄደዋል። የድሮው የፖርት ሴቲንግ በአዲሱ ላይ ምንም አይናገርም። ወደ ራውተሩ የምትገባበትን ፖርት ራሱ ልታጣው ትችላለህ። ‹የምስሉና የራውተሩ ቨርዥን አይገጥምም› የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣልህ በግድ አታስኪደው። ሴቲንጉን እንዲያጠፋ አድርገህ ጫን፣ የድሮውን ባክአፕ እያየህ በእጅህ ጻፈው። ባክአፑን ግን አትመልሰው፣ ለማየት ብቻ ነው።

ቀይ_መብራት
ተነሳ!!! መብራቱ ቀጥ ብሎ በርቷል፣ ገጹም ገባልኝ። ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎ። ፒንግ64 አንተም። ያ የሲሪያል ነገር ባይቀርብኝ ኖሮ ዛሬ ብሎን ፈቺ ይዤ እያለቀስኩ ነበር።

ፒንግ64
እሺ እሺ፣ ቸኩያለሁ። ቢሆንም ለሚያስፈልገው ሰው ልንገር። በሲሪያል የምትገቡ ከሆነ የምታገናኙት ሦስት ገመድ ብቻ ነው፦ ግራውንድ፣ መላኪያና መቀበያ። የላፕቶፑ መላኪያ ከራውተሩ መቀበያ፣ መቀበያው ከመላኪያው። የቮልቴጅ ፒኑን ባዶውን ተዉት፣ ራውተሩ የራሱ ኃይል አለው። አብዛኛው ራውተር 3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ አስማሚ ከሰካችሁበት ቺፑን ታቃጥላላችሁ። ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ 115200 ነው። ስክሪኑ ላይ ቆሻሻ ፊደል ከመጣ መጀመሪያ የምትጠራጠሩት ፍጥነቱን ነው።

ቀይ_መብራት
የመጨረሻ ጥያቄ። ወደ ፋብሪካው ፈርምዌር መመለስ ብፈልግስ? ከድረ ገጻቸው ያወረድኩት ፋይል አለኝ፣ ስሙ ውስጥ ‹ቡት› የሚል ቃል አለበት።

ጋሽ_ሰርኪት
ቡት የሚለውን እንዳለ ከኦፕን ደብሊው አር ቲ ገጽ እንዳትጭኚው። በቲፒ-ሊንክ ፋይሎች ላይ ያ ቃል ካለ ቡትሎደሩም አብሮ ተጠቅልሏል ማለት ነው። እንዳለ ከጻፍሽው ቡትሎደሩ ከርነሉ መቀመጥ በነበረበት ቦታ ላይ ያርፋል፣ ራውተሩም አይነሳም። ቡት የሚለው ቃል የሌለበትን ፈልጊ። ከሌለም የቡትሎደሩ ክፍል ከፊቱ መቆረጥ አለበት፣ ስንት ባይት እንደሚቆረጥ በሞዴልሽ ገጽ ላይ አለ። የሞዴሉን ሙሉ ስምና የፋይሉን መጠን እዚህ ጻፊልኝ፣ ከመጫንሽ በፊት አብረን እናየዋለን።